ጀርባውን የማያሳይ ስስ ወረቀት

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ የሥዕል ዐውደ ርእይ ካታሎግ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተጠይቄ ነበር። ዐውደ ርእዩ አዲስ አበባ ላይ ተከፍቶ ወደ ናይሮቢ የሚሻገር በመሆኑ ካታሎጉ በሁለቱ ቋንቋዎች እንዲታተም ተወሰነ፤ እንግሊዝኛው በቅጠሉ ፊት፣ አማርኛው በዚያው ቅጠል ጀርባ፣ ሥዕሎቹም በመካከል በመካከል። የአዘጋጆቹ ጭንቀት ክብደት ነበር። ለማጓጓዣ የተያዘ ገንዘብ ስላልነበረ መጻሕፍቱ የሚሄዱት በተጓዦች ሻንጣ ነው። ስለዚህ የሥዕል መጽሐፍ ሁሉ የሚታተምበትን ከባዱን አርት ፔፐር ትተው ተራ የ60 ግራም የጽሕፈት ወረቀት መረጡ።

የታተመው ሲመጣ የሁላችንም ፊት ጠቆረ። የሥዕሎቹ ጥቁር ቀለም ወረቀቱን ዘልቆ በአማርኛው ጽሑፍ ላይ እንደ ደመና ተዘርግቷል። የእንግሊዝኛው መስመሮች ከጀርባ እየታዩ በአማርኛው መስመሮች መካከል ገብተዋል። የእኛ ፊደል ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር አይታገሥም፤ አንዱን ድምፅ ከሌላው የሚለየው አንዲት ቅጥያ ወይም አንዲት ቀለበት ናት። ከጀርባ የመጣች ጭረት በ«በ» ቀኝ እግር ወገብ ላይ ብታርፍ «ቡ» ትሆናለች። ሠዓሊው ከመምህሩ ጋር ምሳ «በላ» ብዬ የጻፍሁት በአንዳንዱ ቅጂ ላይ «ቡላ» ተብሎ ሲነበብ በዐይኔ አይቻለሁ። እንግሊዝኛ አንባቢው ገጹ ቆሸሸበት እንጂ ቃል አልተለወጠበትም፤ በአማርኛው ግን ትርጉሙ ራሱ ተበላሸ።

በዚያን ጊዜ ሁሉም ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ጥፋቱን በወረቀቱ ስስነት ላይ ጣልን። «የሥዕል መጽሐፍ በስስ ወረቀት አይታተምም» የሚለው አነጋገር እንደ ሕግ ተቆጠረ። ነገሩ ግን እንቅልፍ ነሣኝና የወረቀትን ታሪክ መመርመር ጀመርሁ። ያገኘሁት ከዚያ ሕግ ጋር የሚጋጭ ሆነ። በዓለም ላይ እጅግ ከተከበሩት የሥዕል ኅትመቶችና መጻሕፍት ብዙዎቹ የታተሙት በስስ ወረቀት ላይ ነው። የተሳሳትነው ስስ ወረቀት በመምረጣችን ሳይሆን ርካሹንና ስሱን አንድ አድርገን በመቁጠራችን ነበር።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት የክብደቱን ነገር በቁጥር ላስረዳ። ወረቀት የሚለካው አንድ ካሬ ሜትሩ በሚመዝነው ግራም ነው። የኤ4 መጠን ያላቸው 16 ቅጠሎች አንድ ካሬ ሜትር ስለሚሞሉ ሒሳቡ ቀላል ነው። 200 ገጽ፣ ማለትም 100 ቅጠል ያለው መጽሐፍ በ150 ግራም አርት ፔፐር ሲታተም ሽፋኑ ሳይታሰብ 937 ግራም ያህል ይመዝናል፤ በ80 ግራም ወረቀት 500 ግራም፣ በ50 ግራም ደግሞ 312 ግራም ያህል ይሆናል። በሦስት መቶ ቅጂ ሲባዛ በመጀመሪያውና በመጨረሻው መካከል ያለው ልዩነት ከ187 ኪሎ ይበልጣል። ሻንጣ ለሚያስጭን ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

በ1841 አንድ የኦክስፎርድ ምሩቅ ከሩቅ ምሥራቅ ሲመለስ ጥቂት ወረቀት ይዞ መጣ። ወረቀቱ ከተለመደው ሁሉ የሳሳ፣ ነገር ግን ጠንካራና ጀርባውን የማያሳይ ነበር። በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የነበረው ቶማስ ኮምብ በ1842 በዚያ ወረቀት 24 ትናንሽ መጽሐፍ ቅዱሶችን አሳተመ፤ አንዱ ለንግሥት ቪክቶሪያ ተበረከተ። ወረቀቱ በዚሁ አለቀ። ኮምብ ምንጩን ለማግኘት ቢደክምም አልተሳካለትም፤ ነገሩም ከሠላሳ ዓመት በላይ ተዳፍኖ ቆየ። በ1874 ከ24ቱ አንዱ ቅጂ በሄንሪ ፍራውድ እጅ ገባ። ፍራውድም ይህን የመሰለ ወረቀት በኦክስፎርድ አጠገብ በዎልቨርኮት ባለው የማተሚያ ቤቱ ወረቀት ፋብሪካ እንዲሠራ ሙከራ አስጀመረ። ነሐሴ 1875 በዚህ ወረቀት የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ለገበያ ሲቀርብ ሰው ሁሉ ተደነቀ፤ ሩብ ሚሊዮን ቅጂም ተሸጠ።

ምሥጢሩ ምን ነበር? የዎልቨርኮት ሠራተኞች ሁለት ነገር አገናኙ። አንደኛው ቃጫው ነው፤ ወረቀቱ በዋናነት የሚሠራው ከጨርቅ እንጂ ከተፈጨ እንጨት አልነበረም። ሁለተኛው በቃጫዎቹ መካከል የሚያዝ ብዙ የማዕድን ዱቄት ነው። ብርሃን በባዶ ቃጫ መካከል ሾልኮ ያልፋል፤ በዱቄቱ ላይ ሲያርፍ ግን ይበተናል፤ ስለዚህ ከጀርባ ያለው ቀለም ወደ ዐይናችን አይደርስም። ዛሬም አሠራሩ በመሠረቱ ያው ነው፤ ካልሲየም ካርቦኔት፣ ነጭ ሸክላ፣ ውድ በሆነው ወረቀት ደግሞ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ይጨመራል። ችግሩ ዱቄት ሲበዛ ወረቀቱ መድከሙ ነው። ጥበቡ ያለው ወረቀቱ ሳይቀደድ ምን ያህል ዱቄት ሊሸከም እንደሚችል በማወቅ ላይ ነው። ያ የእኛ የ60 ግራም የጽሕፈት ወረቀት ከኦክስፎርዱ የወፈረ ነበር፤ ጀርባውን ያሳየው እንዲህ ያለ ድካም ስላልተደከመበት ነው።

በ1900 በፓሪስ ዐውደ ርእይ ላይ የኦክስፎርድ ወረቀት የቀረበበት መንገድ ለገበያ አዋቂነትም ምሳሌ ይሆናል። 1,500 ገጽ ያላቸው ጥራዞች በአንዲት ቅጠላቸው ብቻ ተይዘው ለወራት ተንጠለጠሉ፤ ዐውደ ርእዩ ሲዘጋ ቅጠሏም አልተበጠሰች፣ ጥረዛውም አልላላ። ወረቀቱ ሲታሽ እንደ ሌላው ከመቀደድ ይልቅ እንደ ለፋ ቆዳ ይለሰልሳል ተባለ። ወርዱ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል የሚሆን ቁራጭ 12 ኪሎ ተኩል ያህል መሸከሙም ተመዘገበ። ዐሥራ አንደኛው የኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ እትም በ1910 እና በ1911 ሲወጣ 29ኙ ጥራዞች በዚህ ዓይነት ስስ ወረቀት ጭምር የቀረቡት ይህ ዝና ከተሰማ በኋላ ነው፤ የእያንዳንዱ ጥራዝ ውፍረት ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ወረደ። የዎልቨርኮት ፋብሪካ በ1998 ተዘግቷል።

ይህን ወረቀት እንግሊዞች «የህንድ ወረቀት» አሉት። ከህንድ ግን አልመጣም፤ ያን ጊዜ ከምሥራቅ በመርከብ የመጣውን ሁሉ በህንድ ስም የመጥራት ልማድ ነበር። የኦክስፎርዱ ምሩቅ ያመጣው ወረቀት ዘመዶችም ከእርሱ ሁለት መቶ ዓመት ቀድመው አውሮፓ ገብተው ነበር። የሆላንድ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ በናጋሳኪ በኩል ከጃፓን ጋር ይነግድ በነበረበት ዘመን፣ በ1643 እና በ1644፣ የጃፓን ወረቀት ወደ ሆላንድ መጫኑ በመዛግብት ይገኛል። ሬምብራንት ከ1647 ገደማ ጀምሮ የነሐስ ቅርጽ ሥዕሎቹን በዚህ ወረቀት ላይ ማተም ጀመረ። «የመቶ ጊልደር ሥዕል» በመባል የሚታወቀው፣ ክርስቶስ ድውያንን ሲፈውስ የሚያሳየው ሥራው ከዚሁ ይቆጠራል። አገሩ ጥሩ ወረቀት ሞልቶት ሳለ ስለ ምን ከዓለም ዳር በመጣው ላይ ገንዘቡን አወጣ? የጃፓኑ ወረቀት ለስላሳ ነው፤ መልኩም ወደ ወርቅማ ብጫ ያደላል፤ ቀለሙን በቀላሉ ይቀበላል። በመርፌ ጫፍ የተጫረ መስመር በአውሮፓው ወረቀት ላይ ደረቅ ሆኖ ሲወጣ በዚህኛው ላይ እንደ ከሰል ጭረት ይለሰልሳል። ለዚህ ሠዓሊ ወረቀቱ ከቀለሞቹ እንደ አንዱ ነበር። ያው ሬምብራንት አንዳንድ ሥራዎቹን በብራና ላይ ማተሙንም ስናስታውስ ለእኛ አገር አንባቢ ነገሩ ይበልጥ ይቀርባል።

ጃፓኖች ስስ ወረቀት የሚሠሩት ከዱቄት ይልቅ በቃጫ ርዝመት ተመክተው ነው። ኮዞ፣ ጋምፒና ሚትሱማታ ከሚባሉ ቁጥቋጦዎች ልጥ ይላጣል፤ ይቀቀላል፤ ይወቀጣል። የኮዞ ቃጫ 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲረዝም የእንጨት ቃጫ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ሚሊ ሜትር አያልፍም። ረጅሙ ቃጫ እርስ በርሱ ስለሚጠላለፍ ወረቀቱ እንደ ሸረሪት ድር ቢሳሳም አይበጠስም። በኮቺ አውራጃ የሚሠራው ቴንጉጆ የተባለው ወረቀት ከዚህ ወገን ሲሆን የቀጭኑ ዓይነት ክብደት በካሬ ሜትር 2 ግራም ያህል ብቻ ነው። ፍሎረንስ በ1966 በጎርፍ ተጥለቅልቃ መጻሕፍቷ ከጭቃ ውስጥ ሲወጡ የጃፓን ወረቀት ለመጠገኛነት በሰፊው ከተሠራበት ወዲህ በዓለም ላይ ያሉ የመዛግብት ጠጋኞች ያለ እርሱ አይሠሩም ማለት ይቻላል።

ይሁንና እንዲህ ያለ ወረቀት ጀርባውን ማሳየቱ አይቀርም። የምሥራቅ አታሚዎች መፍትሔ አስገራሚ ነው፤ ወረቀቱን ከመታገል መጽሐፉን ቀየሩት። በአንድ ወገን ብቻ ያትማሉ፤ ቅጠሉን የታተመው ወደ ውጭ እንዲሆን አድርገው ያጥፋሉ፤ ጥረዛው የሚሰፋው በክፍቱ ጠርዝ በኩል ነው። እያንዳንዱ ገጽ ከኋላው ባዶ ወገን አለው፤ አንባቢም ሳያውቀው እጥፍ ቅጠል ይገልጣል። በየሀገሩ ያሉ የዛሬ የመጽሐፍ ንድፍ ባለሙያዎች ይህን አጣጠፍ እንደ አዲስ ነገር ሲያነሡት ፈገግ እላለሁ።

ወደ ፈረንሳይ እንሻገር። በ1931 ዣክ ሺፍሪን የተባለ በባኩ የተወለደ አሳታሚ «ላ ፕሌያድ» የሚባለውን ተከታታይ መጽሐፍ ፓሪስ ላይ ጀመረ። ሐሳቡ የአንድን ታላቅ ደራሲ ሥራ ሁሉ በኪስ በሚያዝ፣ ቆዳ በለበሰ ጥራዝ ማቅረብ ነበር፤ ይህም የሚሆነው ለመጽሐፍ ቅዱስ በሚሠራበት ስስ ወረቀት ነው። በ1933 ሥራው በጋሊማር ማተሚያ ቤት ሥር ገባ። ሺፍሪን አይሁዳዊ ነበርና በ1940 ጀርመኖች ፓሪስን ሲይዙ ከፈጠረው ሥራ ተባረረ፤ በ1941 ወደ ኒውዮርክ ተሰደደ። ፕሌያድ ግን እስከ ዛሬ ይታተማል።

ለፕሌያድ ስስ ወረቀት ካቀረቡት መካከል የቦሎሬ ቤተሰብ ፋብሪካ አንዱ ነው። ይህ በብሪታኒ በ1822 የተቋቋመ ድርጅት ነው። ስሙን ያልሰማ አንባቢ ምርቱን ሳያውቀው አይቶት ይሆናል፤ ኦ.ሴ.ቤ. የሚል ጽሑፍ ያለበት የሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት የእርሱ ነበር፤ የመጨረሻዋ ፊደል የቦሎሬ ናት። በኋላ ቤተሰቡ የመርከብና የወደብ ሥራ ውስጥ ገብቶ የአፍሪካ ወደቦችን ሲያስተዳድር ኖሮ በ2022 ይህን ዘርፍ ሸጠ፤ ይህ ግን ሌላ ወሬ ነው። የተርጓሚ ልቤን የነካው የሲጋራ ወረቀትና የቅዱስ መጽሐፍ ወረቀት ከአንድ ጋን የሚቀዱ መሆናቸው ነው።

በእኛ አገርም ሲጋራና መጽሐፍ አንድ ጊዜ ተገናኝተዋል። ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን እስር ቤት ሳለ የማርጋሬት ሚሼልን ታላቅ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ የመለሰው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው፤ 3 ሺህ ያህል ቁርጥራጭ ላይ። ከእስር የሚፈቱ ሰዎች ጽሑፉን በፓኮ ውስጥ እየሸሸጉ ጥቂት በጥቂት አወጡት፤ በኋላም «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ። ነቢይ በ2024 ዐርፏል። ወረቀቱን መርጦ አልነበረም፤ ያገኘው እርሱን ነው። ነገር ግን ያ ጽሑፍ ከግንቡ የወጣው ታጥፎ በደረት ኪስ ሊገባ የሚችል፣ ፈታሽ የማይጠረጥረው ወረቀት በመሆኑ ነው። በወፍራም ደብተር ላይ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ ከክፍሉ በር አያልፍም ነበር። ስለ ወረቀት ቅለት ስናገር ይህን መጽሐፍ ሳላነሣ ማለፍ አይሆንልኝም።

የንድፍና የሥዕል መጻሕፍት በዘመናችን ወደ ስስ ወረቀት የተመለሱበት አንድ ግልጽ ምሳሌ አለ። የሆላንዱ አርክቴክት ሬም ኮልሃስ ለ2014ቱ የቬኒስ ቢየናሌ በር፣ መስኮት፣ ደረጃ፣ ጣሪያ እያለ የሕንፃን ክፍሎች አንድ በአንድ አስጠንቶ ነበር። ጥናቱ በ2018 በታሸን አሳታሚነት በአንድ ጥራዝ ሲወጣ ከ2,500 ገጽ በላይ ሆነ። ንድፉን የሠራችው የአገሩ ልጅ ኢርማ ቦም ናት። የመረጠችው ወረቀት ኦፓካል የተባለ፣ የማያብረቀርቅ፣ 50 ግራም የሆነ ነው፤ ስሙ ራሱ ብርሃን እንደማያሳልፍ ይመሰክራል። ፎቶግራፍና ንድፍ የሞላበት መጽሐፍ ከተራ የጽሕፈት ወረቀት በሚያንስ ክብደት ላይ ታተመ። በ100 ግራም ቢታተም ክብደቱ እጥፍ ሆኖ በአንድ ጥራዝ ሊያዝ ባልቻለ ነበር።

እንዲህ ያለውን ወረቀት ማተም ለአታሚው ፈተና ነው፤ ይህንም መሸሸግ አይገባም። ስስ ቅጠል በማሽኑ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሁለቱ ተጣብቀው ይገባሉ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ከተደራረበ አንዱ ሌላውን ያቆሽሻል። ስለዚህ ማሽኑ ቀስ ይላል፤ የቀለሙ መጠን ይቀነሳል። ቃጫው የተኛበት አቅጣጫ ከጥረዛው ጋር ካልገጠመ ደግሞ መጽሐፉ ሲገለጥ እንደ ደረቀ ቆዳ ይንገራገራል። የመጽሐፍ ቅዱስ አታሚዎች ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቁለት ግን ሌላ ነው፤ በቅጠሉ ፊት ያለው መስመር በጀርባው ካለው መስመር ጋር ልክ እንዲገጥም ያደርጋሉ። ያን ጊዜ ከጀርባ የሚታየው ጥላ ከፊደሉ ሥር ይደበቃል፤ በመስመሮቹ መካከል ያለው ባዶም ንጹሕ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ትዝ ያለኝ የብራና ጸሐፊ ነው። ቁም ጸሐፊው የተፋቀውንና የለሰለሰውን የፍየል ብራና ከዘረጋ በኋላ በወስፌ ጠርዙን ይወጋል፤ ከዚያ ያለ ቀለም፣ በዶልዱም ጫፍ ተጭኖ ያሰምራል። በአንዱ ወገን የጎደጎደው መስመር በሌላው ወገን ጎልቶ ይወጣል። ስለዚህ ጸሐፊው የቅጠሉን ሁለት ወገን አንዴ ባሰመረው መስመር ይጽፍበታል፤ ፊትና ጀርባው ሳይታሰብ ይገጥማል። በማኅደር ገብታ ትከሻ ላይ የምትንጠለጠለው ትንሽ ዳዊት ቅጠሏ እጅግ የሳሳ ሆኖ ሳለ የምትነበበው አንድም በዚህ ነው። የኦክስፎርድ አታሚ በብረትና በልኬት የደረሰበትን የእኛ ጸሐፊ በአንዲት ወስፌ ያገኘው ነበር። እኛ ግን በኮምፒዩተር ስንሠራ የእንግሊዝኛውን መስመር በአንድ ርቀት፣ ቁመቱ ከፍ የሚለውን የአማርኛውን ፊደል በሌላ ርቀት ደረደርንና ጀርባ ለጀርባ ሰጠናቸው። እርስ በርስ ቢጣሉ ምን ይደንቃል!

ካታሎጉ ሁለተኛ ጊዜ ሲታተም አዘጋጆቹን ለምኜ ከንድፉ ባለሙያ ጋር ተቀመጥሁ። ጀርባውን የማያሳይ ስስ ወረቀት በገበያ ፈለግን፤ አስመጪዎቹ በጥቂቱ አናመጣም አሉ። በመጨረሻ የጸሎት መጻሕፍት ከሚያትም አንድ ማተሚያ ቤት ከሥራ የተረፈ ጥቂት ደስጣ የ50 ግራም ወረቀት አገኘን፤ ለ300 ቅጂ ለጥቂት በቃ። ለሁለቱም ቋንቋዎች አንድ የመስመር ርቀት ሰጠን፤ ልኩ የተወሰደው ከአማርኛው ነው፤ እንግሊዝኛው ትንሽ ሰፋ አለ እንጂ አልተጎዳም። ሁለቱ ቋንቋዎች ጀርባ ለጀርባ መሆናቸው ቀርቶ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ጥቁር የበዛባቸውን ሰባት ሥዕሎች በቀኝ ገጽ አድርገን ጀርባቸውን ባዶ ተውን። ባዶዎቹን ገጾች ለማስፈቀድ ግማሽ ቀን ተከራከርን፤ የተከፈለበት ወረቀት ባዶ መሄዱ ለገንዘብ ያዡ አልዋጥ ብሎት ነበር።

ሥራው ማሽን ላይ በወጣ ማግስት ጠዋት ከማተሚያ ቤቱ ስልክ ተደወለ። የማሽኑ ኃላፊ አዛውንት ነበሩ፤ ድምፃቸው የተጨነቀ ሰው ድምፅ ነው። ገጽ 14 ላይ ምንም የለም፤ ገጽ 22 ላይም የለም፤ ከሰጠኋቸው ጽሑፍ የጠፋ ነገር እንዳለ እንድመለከት ጠየቁኝ። የጠፋ ነገር እንደሌለ፣ ባዶ የተተወው ሆን ተብሎ መሆኑን ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና አንዱን ቅጠል ወደ መስኮቱ ይዘው እንዳዩት ነገሩኝ፤ ከዚያም ማሽኑን እንደገና አስነሡ።